ጠበል ያልጠጣው መጋዝ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ተድራ ደባርቅ ሄጄ ነበር። ሰርጉ አልቆ፣ ቅልቅሉም አልፎ፣ ወደ ዳባት የሚመልሰኝን መኪና ፍለጋ ከመናኸሪያው ጀርባ ስዞር ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ትኩስ የጽድ ሽታ መጣና እግሬን ያዘው። ፌስታሌን መሬት አስቀምጬ በአጥሩ ክፍተት አጮልቄ አየሁ። አንዲት ልጅ፣ ጆሮዋ ላይ ትልቅ መሸፈኛ አድርጋ፣ ተንቀሳቃሽ መጋዝ በሐዲዱ ላይ እየገፋች ግንድ ትሰነጥቃለች። ሱሪ ለብሳለች፣ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታለች፣ ማንም ቆሞ አያያትም። በእኔ ጊዜ ቢሆን ግማሹ ከተማ አጥሩ ላይ ይንጠለጠል ነበር። ሞተሩን ስታጠፋ በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

“እናቴ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ፣ ሰጋቱራው ልብስዎን ያበላሽብዎታል” አለችኝ።

“ልብሱስ ይራገፋል። ለመሆኑ ውሃው ይወርዳል?” አልኳት።

“የቱ ውሃ?”

“የመጋዙ ነዋ።”

ግር ብሏት ከሞተሩ ጎን የታሰረችውን ጀሪካን ቀና ብላ አየች። ከጀሪካኗ የወረደች ቀጭን ጎማ ውሃ መጋዙ ላይ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። “ይወርዳል። ምነው ጠየቁኝ?” አለችኝ። መኪናው ሊያመልጠኝ ስለነበር “እንዲያው ነው” ብያት ወጣሁ። እንዲያው ግን አልነበረም። ዳባት እስክደርስ ድረስ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት በስልኩ ኳስ እያየ ብቻውን ሲጨቃጨቅ፣ እኔ በመስኮቱ የገብሱን ማሳ እያየሁ ያን በጋ ሳስብ መጣሁ።

ያኔ ዳባት ማለት አንድ መንገድ ነበረች። መንገዱ ከጎንደር መጥቶ በመካከሏ ያልፍና ወደ ደባርቅ ይቀጥላል፤ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። ዛሬ ፎቅ የቆመበት ማዕዘን ላይ የወይዘሮ አበቡ ሻይ ቤት ነበረች፤ በጭቃ የተመረገች፣ በሯ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ የተንጠለጠለባት። ሻይ በስሙኒ፣ ብስኩት በስሙኒ። በአንድ ሻይ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይቻል ነበር፣ ወይዘሮ አበቡ ፊቷን ካላጠቆረች። ሬዲዮኗ በባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው። ድንጋዩ ሲደክም አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዚያ ስትመልሰው ዘፋኙ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ደግሞ ድምፁ እየሰለለ ይሄዳል። ስንት ዘፈን እንዳለ መጨረሻውን ሳልሰማው ነው የቀረሁት። ወንዱ ሁሉ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ይጫማል፣ እኛ ሴቶቹ ኮንጎ የሚባለውን የፕላስቲክ ጫማ። የእኔ ኮንጎ አረንጓዴ ነበረች፤ በጠዋት ብርድ ትደርቅና እግር ትቆርጣለች፣ ቀትር ላይ ደግሞ ትለሰልስና ላብ በላብ ታደርጋለች። ካኪ ኮት ያለው ሰው ከሩቅ ሲታይ ሹም መስሎን ብድግ እንልለት ነበር። ስለ መንግሥት ነገር አታንሡብኝ፤ አንዱ ሄዶ ሌላው መጥቶ ነበር፣ ብርዱ ግን ያው የዳባት ብርድ ነው።

ባሌ ተገኘ መጋዝ ሳቢ ነበር። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ በዚያ ዘመን ጣውላ የሚወጣው በሁለት ሰው ጉልበት ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ግንዱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ከላይ ግንዱ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ያን ረጅም መጋዝ ላይና ታች ሲሳሳቡ ይውላሉ። የላይኛው ነፋስ ያገኛል፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል፣ የወይዘሮ አበቡን ሬዲዮም ይሰማል። የታችኛው ከጠዋት እስከ ማታ አንጋጦ ሰጋቱራ ይቀበላል። የላይኛው ካሳ የሚባል ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ የታችኛው የእኔው ተገኘ። ቀጭን ስለሆነ ጉድጓድ ይመቸዋል ተብሎ ነው። ካሳ ቦታ የሚቀያየሩበትን ቀን ሁልጊዜ ነገ ያደርገዋል። ተገኘም ከታች ሆኖ እንዲህ እያለ ያንጎራጉርበታል፦

አንተ ከላይ ቆመህ ሰማዩን ታያለህ፤
ሰጋቱራውን ግን ለኔ ታዘንባለህ።

ካሳ ይሥቃል። የሻይ ቤቱም ሰው ይሥቃል። እኔ ግን አልሥቅም ነበር፤ ሲመሽ የዐይኑን ቆብ ገልብጬ ሰጋቱራውን በነጠላዬ ጫፍ የማወጣለት እኔ ነኛ። ሽፋሽፍቱ ተጣብቆ የሚያድርበትን፣ ጠዋት በለብ ያለ ውሃ ሳላቅቀው ጥርሱን የሚነክስበትን የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ልጃችን በተወለደች ዓመት ቀኝ ዐይኑ ደመና ለበሰ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ባትሪ አብርቶ ለረጅም ጊዜ አየውና ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ነገረኝ፤ “ግራውን ማትረፍ ከፈለጋችሁ ከዚያ ጉድጓድ ይውጣ። አንድ በጋ ቢጨምርበት ሁለቱንም እንዳያጣ እፈራለሁ።” ከጉድጓድ ይውጣ ማለት ቀላል ነው። ወጥቶ ወዴት ይሂድ? የእርሻ መሬት የለን፣ ከብት የለን፣ ሰውየው የሚያውቀው መጋዝ ብቻ። ጎሕ ሲቀድ ማርያም ጠበል ይወርዳል፣ ዐይኑን ታጥቦ ጸልዮ ይመለሳል፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ደግሞ ያንኑ ዐይን ይዞ ጉድጓድ ይገባል። ጀርባውን እያየሁ ስንት ጠዋት እንዳለቀስኩ እግዜር ይወቀው።

የሞተር መጋዙ የመጣው በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ከወዴት እንደመጣ በደንብ አላወቅንም፤ ፕሮጀክት ነው ተባለ፣ ፕሮጀክት ካሉ ያን ጊዜ ማንም ሌላ አይጠይቅም። ለመጋዝ ሳቢዎቹ ማኅበር ለሙከራ ተሰጠ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ መኮንን የሚባሉ፣ ሲናገሩ ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው የሚያዘዋውሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሰብስበውን “ስሙ እንግዲህ። ይኸን ነገር አዲ አርቃዮችም ጠይቀውታል፣ መኪና አዘጋጅተው ነው የሚጠብቁ። በወጉ ካልሠራንበት ጭነውት ይወርዳሉ፣ እኛም ወደ ጉድጓዳችን” አሉ። ወደ ጉድጓዳችን ሲሉ የተገኘን እጅ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

መጋዙን ሊያስተምር ከጎንደር ፈንታሁን የሚባል ሰው መጣ። ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ሰማያዊ ቱታ የማያወልቅ፣ ደህና ዋላችሁ ሲል እንኳ የሚጣላ የሚመስል ሰው። በመጀመሪያው ቀን ተገኘ ሊነዳ ሞተሩ አጠገብ ቆመ። መጋዙን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ እጀታ አለ፣ ከጎኑ የጣውላውን ውፍረት የሚያሳይ ቁጥር የተጻፈበት ብረት አለ። ተገኘ ቁጥሩን ሊያነብ ዐይኑን አጠበበ፣ ተጠጋ፣ አሁንም ተጠጋ። አላየውም። እኔ ምሳ ይዤ መጥቼ ከኋላው ቆሜ ነበርና ሳላስበው ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደልም ቁጥርም ተምሬያለሁ። ፈንታሁን ዞር ብሎ አየኝ። “ሚስቱ ነሽ?” አለ። ነኝ አልኩ። “እንግዲያ እጀታውን አንቺ ያዢ። እሱ ውሃውን ይያዝ።” ሰው ሁሉ ሣቀ፣ ካሳ ደግሞ ከሁሉ በላይ። ፈንታሁን ግን እንደ ቀልድ አልተናገረውም። በዚያች ቅጽበት ከምሳ አመላላሽነት ወደ መጋዝ ነጂነት ዞርኩ።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ሐዲድ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ግንዱ በመካከላቸው ይጋደማል፣ ሞተሩ በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ጥርሳም የሆነ ቀጭን የብረት ቀበቶ በሁለት መዘውር ዙሪያ እየበረረ ግንዱን እንደ ቅቤ ያልፈዋል። ቀላል የሚመስለው ግን ሐዲዱ ልክ ሲሆን ነው። ፈንታሁን ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት ግማሽ ቀን ሙሉ በውሃ ልክ ሐዲድ ስናስተካክል አዋለን። “መሬቱ ከዋሸ ጣውላውም ይዋሻል” እያለ አንድ ድንጋይ ያወጣል፣ አንድ ድንጋይ ይጨምራል። ከዚያ ልጣጩን በመጥረቢያ ግፈፉ አለን፤ ዛፉ ላይ ልብስ ማስጫ ሽቦ ያሰረ፣ ቀፎ የሰቀለ፣ ሚስማር የመታ ሰው አይጠፋም፣ አንድ ሚስማር የመጋዙን ጥርስ በሙሉ ያረግፈዋል። ከመጋዙ ትይዩ ማንም እንዳይቆም፤ ቢበጠስ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ዘይቱ ሳይታይ ሞተር አይነሣም። ማታ ሥራ ሲያልቅ መጋዙ ይላላ፣ ተወጥሮ ካደረ ይሰነጠቃል። ይኸን እኔ በጣም ወደድኩት፤ ብረትም እንደ ሰው ማታ ማታ ወገቡን ማሳረፍ እንደሚፈልግ አላውቅም ነበር። ባሕር ዛፍ ተንኮለኛ መሆኑንም ያኔ ነው የተማርኩት። አንዱን ጎን ብቻ ደጋግመሽ ከሰነጠቅሽው ግንዱ ይጎብጥብሻል፣ እያገላበጥሽ ካልሆነ አይሆንም። ዛሬም ልጆቼ ሲጣሉ አንዱን ብቻ መቆጣት ሲቃጣኝ ባሕር ዛፉ ትዝ ይለኛል።

ፈንታሁን ከሁሉ በላይ የጨቀጨቀን ግን በድምፁ ነው። “ስሙት” ይላል፤ “ጥርሱ ሲዶለዱም ድምፁ ይለወጣል፣ ጣውላው ላይ ከማየታችሁ በፊት ጆሯችሁ ይነግራችኋል።” ከመሄዱ በፊት ዐይኔን ጨፍኜ የሳለውንና የዶለዶመውን እንድለይ አደረገኝ፤ ለየሁ። ራሱን ነቅነቅ አደረገ፤ ከእሱ ዘንድ ምስጋና ማለት ያ ነው። ከዚያ ወደ ጎንደር ተመለሰ፤ እኛም የትምህርት ቤቱን ባሕር ዛፍ መሰንጠቅ ጀመርን። ተገኘ ከማዶዬ ይቆማል፣ በነፋሱ በኩል፣ ሰጋቱራ በማይደርስበት። ሥራው መጋዙ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ የምታደርገውን ጀሪካን ከወንዝ መሙላትና ሩቢኔቱን መክፈት መዝጋት ነው። የውሃ ሹም ብለን ሾምነው። የዐይኑ መቅላት ቀስ በቀስ ሲለቀው አየሁ። አንድ ቀን ከሻይ ቤቱ ሆኖ በመንገዱ ማዶ ስመጣ ለይቶኝ ጠራኝ። ሹመቱን ባረኩት።

ከዚያ የማርያም ሥራ መጣ። ቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያዋ አርጅቶ ፈርሶ ነበር፤ ታቦቷ ለጊዜው በተሠራ የሣር መቃረቢያ ውስጥ ናት፣ ንግሧ ደርሷል። በቅጥሩ ዙሪያ የቆሙት የፈረንጅ ጽዶች እንዲቆረጡ ተፈቀደና መጋዛችንን ከቅጥሩ ውጪ ተከልን። ያጉረመረመ አልጠፋም። “ሴት የነካችው ጣውላ ቤተ መቅደስ ላይ ይውጣ?” ያሉ ሰዎች ነበሩ። ቄሰ ገበዙ አባ ሞገስ፣ የቤተ ክርስቲያኗ አስተዳዳሪ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙና “ቤቱ የማን ነው? የማርያም አይደለምን?” አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ግንዱንም፣ ሞተሩንም፣ እኔንም ባረኩ። “ለማርያም ሥራ የማርያም ጠበል ይሁን እንጂ” ብለው ለተገኘ ነገሩት፤ እሱም በደስታ ጠበሉ ድረስ ወርዶ ጀሪካኑን ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ያን ቀን እንደ ሙሽራ ነበር የሚያደርገው።

የመጀመሪያዎቹ ጣውላዎች ደህና ወጡ። ከዚያ መጋዙ አበደብኝ። መነሻው ላይ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ መካከል ሲደርስ ወደ ታች ይሰምጣል፣ መጨረሻው ላይ ተመልሶ ይወጣል። ጣውላው ሲወድቅ እንደ ተኛ እባብ ይጥመለመላል። አናጢዎቹ አንሥተው በአንድ ዐይናቸው ያዩትና ወደ ጎን ይወረውሩታል። መጋዙን አወጣሁ፣ በሞረድ ሳልኩት፣ መለስኩት፤ ያው። ውጥረቱን ጨመርኩ፤ ያው። ሐዲዱን እንደገና በውሃ ልክ አየሁ፣ መዘውሩ ላይ የተጠቀጠቀውን ሰጋቱራ ጠረግሁ፣ ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያያይዘውን ቺንጋ ነካካሁ፣ ፈንታሁን የነገረኝን ሁሉ አንድ በአንድ አደረግሁ። “ውሃ አለ?” እላለሁ ከማዶ። “ሙሉ ነው” ይለኛል ተገኘ። ግንዱ እንደገና ይገባል፣ ጣውላው እንደገና ይጥመለመላል። ካሳ እንኳ መሣቅ ተወ።

ነገሩ ውስጤን በላው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእጄ ጥፋት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቀጥሎ በኃጢአቴ ነው ብዬ አሰብኩ። ያጉረመረሙት ሰዎች በአጠገቤ ሲያልፉ ዝም ይላሉ፣ ዝምታቸው ከንግግራቸው የባሰ ነው። ዓርብ ቀን አያ መኮንን መጡና የተጣሉትን ጣውላዎች በጭራቸው ነካ ነካ አደረጉ። “ልጄ፣ አንቺን ለመውቀስ አይደለም። እሑድ ማኅበሩ ይሰበሰባል። እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ቀጥ ያለ ጣውላ ካላየሁ አዲ አርቃዮችን ኑ እላቸዋለሁ። የማርያምንም ጣሪያ እነተገኘ በጉድጓድ ያወጡታል፣ ምን ይደረግ” አሉ። ፊታቸው ግን እንዳዘነ አየሁ።

ያን ዕለት ቤት ስገባ ተገኘ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አሮጌውን የጉድጓድ መጋዝ ጭኑ ላይ አጋድሞ ይሞርዳል። ዐይኑ ስለማያደርስ ጥርሱን በጣቱ እየዳሰሰ ነው። ምን ትሠራለህ ብዬ ብጠይቀው የሚመልስልኝን አውቀዋለሁ። የሞረዱ ድምፅ እስኪያልቅ ከቤት ኋላ ሄጄ ቆምኩ።

ቅዳሜ የቀረንን አንድ አዲስ መጋዝ አወጣሁ። ከወረቀቱ ያልተፈታ፣ ጥርሱ የሚያብለጨልጭ። ይኸም ካልሆነ በቃ አልኩ በልቤ። አጠበቅሁት፣ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ገፋሁት። የመጀመሪያው ጣውላ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ አናጢዎቹ ቀና አሉ። ሁለተኛውም ደህና። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ መዶልዶም ሳይሆን እንደ ማልቀስ ያለ፣ ቀጠን ያለ ጩኸት። የሚቀጥለው ጣውላ መካከሉ ላይ ሰመጠ። ሞተሩን አጠፋሁና ግንዱ ላይ ቁጭ አልኩ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። መጋዙን በጣቴ ጫፍ ብነካው ትኩስ ነው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ሙጫ እንደ ሬንጅ ተጋግሯል። በናፍጣ ጨርቅ ጠረግሁት፣ እጄም ሙጫ በሙጫ ሆነ። እጄን ልታጠብ ዞሬ ወደ ተገኘ ጎን ሄድኩና ጀሪካኑን አነሣሁ። ከበደኝ። ብዙ ቀን ስሰነጥቅ ነው የሰነበትኩት፤ ጀሪካኑ ግን እስከ አፉ ሙሉ ነው።

“ተገኘ፣ ይኸን መቼ ነው የሞላኸው?”

“ቄሰ ገበዙ የባረኩት ዕለት።”

“ከዚያ ወዲህስ ጨምረህበታል?”

“ትንሽ፣ አንድ ጣሳ ያህል። ሙሉ ነው እኮ፣ ምን ይጨመርበታል?”

“ውሃው ወዴት ይሄዳል ታዲያ? የወንዙን ውሃ እኮ ምሳ ሳይደርስ ነበር የምንጨርሰው።”

የልብሱን ጫፍ ነካካ። ከዚያ ዐይኑን ወደ እኔ ሳያነሣ፣ “እዘጋዋለሁ” አለኝ። “ስትጀምሪ ጠብ ጠብ አደርግለታለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ።”

“ለምን ትዘጋዋለህ?”

“ጠበል ነው ትርንጎ። ሰጋቱራው ላይ ይወርዳል፣ ሰጋቱራውን ሰው ይረግጠዋል፣ አህያ ይረግጠዋል። ጠዋት በዐይኔ ላይ የማፈሰውን ጠበል ቀን ላይ እንዴት እግር ሥር ላፍስሰው? በረከቱ እንደሆን እዚያው ከላዩ ተቀምጧል ብዬ ነው።”

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ መጣብኝ፤ ሳቁን ተከትሎ ዕንባ መጣ። ግንዱን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። ሰውየው በመከራ የያዘውን ዐይን የሚያድንበትን መሣሪያ በገዛ እጁ፣ ለዚያው ዐይን ብሎ በሚሳሳለት ጠበል ሊያስወስድብን ነበር። ጽዱ ሙጫ አለው፤ ሙጫው በሮጠ መጋዝ ላይ ሲጣበቅ መጋዙ ይግላል፣ ሲግል ይላላል፣ ሲላላ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ያቺ ጠብ ጠብ የምትል ውሃ ያንን ሁሉ የምታጥብ ነበረች። እኔም ሙሉ ነው ሲለኝ ደስ እያለኝ አልፌዋለሁ። ወይ እኔ፣ መጉደል ያለበት ነገር ሙሉ ሲሆን እንዴት ዝም ብዬ ሰማሁ?

“አጠፋሁ?” አለኝ ተገኘ ፊቱ ዐመድ መስሎ።

“አላጠፋህም። ዝም በል ብቻ።”

ቄሰ ገበዙን ለመጥራት ፈራሁ። ጠበሉን ይውሰዱልን ተብሎ እንዴት ይነገራል? ያም ሆኖ ሄጄ ነገርኳቸው። አባ ሞገስ ሰምተው ሲጨርሱ ጢማቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ለካስ እየሣቁ ኖሯል። “ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ለበረከት ይረጭ ማለቴ ነበር፣ ያጠምቁታል አላልኩም። ጠበል ለሰው ነው፤ ለብረት ወንዝ ይበቃዋል” አሉ። ከዚያ ጀሪካኑን ራሳቸው አንሥተው የማንም እግር የማይደርስበት የዛፍ ሥር አፈሰሱት፣ ተገኘንም ጠርተው ግንባሩን በመስቀል ዳሰሱት። “አንተም የልብህ ንጽሕና አሳስቶህ ነው፤ እግዚአብሔር ከዚህ የባሰ ስሕተት አያሳየን” አሉት።

ካሳ ያንን ወፍራም ሰውነቱን ይዞ ወንዝ ድረስ ሮጦ ጀሪካኑን ሞልቶ መጣ። ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተገኘ ሩቢኔቱን ከፈተው፤ ውሃው መጋዙ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሞተሩን አስነሣሁና ገፋሁት። ድምፁን በጆሮዬ አልሰማሁትም ማለት እችላለሁ፣ በሆዴ ነው የሰማሁት፤ ያ ጤነኛ፣ ወፍራም ድምፅ። ጣውላው ወደቀ። ሽማግሌው አናጢ አነሣው፣ በአንድ ዐይኑ አየው፣ ገለበጠው፣ በሌላው ጎን አየው፣ ከዚያ ከደህናዎቹ ጋር ደረበው። ሌላ ወደቀ፤ እሱንም ደረበው። አመሻሹ ላይ አያ መኮንን ሲመጡ ክምሩ ደረታቸው ድረስ ነበር። ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። “እንግዲህ አዲ አርቃዮች ሌላ ይፈልጉ” አሉ። የኋላ ኋላ ለእነሱም መጣላቸው፤ አልተከፋሁባቸውም፣ እነሱም ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው ነበራቸው።

ብዙ ዓመት ሠራሁበት። ሞተሩ ሲያረጅ ሌላ ተገጠመለት፣ ሐዲዱ ተጣመመና ተቃና፣ በመጨረሻ እኔም ወገቤ እምቢ አለኝና ለወጣቶች አስረከብኩ። ተገኘ ዛሬ ሽማግሌ ነው። ቀኝ ዐይኑ እንደ ደመነ ቀረ፤ ግራው ግን ያያል፣ እግዜር ይመስገን። የልጅ ልጆቹን ፊት ያውቃል፤ መነጽሩን አድርጎ ዳዊቱን ይደግማል፤ ወጥ ውስጥ ጨው ሲበዛ የእኔን ፊት አይቶ ነው የሚስቀው። በወጣትነቱ ያላየውን ሰማይ አሁን ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ሰዎች ከዚያ ሁሉ የቱ ትዝ ይልሻል ይሉኛል፤ የማርያም ንግሥ ነው ብዬ እንድመልስላቸው ይጠብቃሉ። ንግሡም ደስ ይል ነበር፤ ጣሪያው በአዲስ ጣውላ ቆሞ፣ ሕዝቡ እልል ሲል፣ አባ ሞገስ ወደ እኔ ዞር ብለው ሲያዩኝ። እኔ ግን የማስበው ሰኞ ጠዋቱን ነው፤ ማኅበሩ በተሰበሰበ ማግስት፣ መጋዙ ዳባት እንዲቀር በተወሰነ ማግስት። ሥራ የሚጀመረው ዘግይቶ ነበር፤ የሚሰነጠቀው ግንድ ገና እየተጎተተ ነው። ጎሕ ሲቀድ ነቃሁና ተገኘን ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ አየሁት። ከጠበል ተመልሷል፣ ዐይኑ ገና እርጥብ ነው። የጉድጓዱን ልብስ ለብሷል፣ ያንን ቡናማ፣ ክንዱ የተበጣጠሰውን፤ የሰጋቱራ መከላከያ ጨርቁንም አንገቱ ላይ አስሮታል። በዚያ ሁሉ ዓመት እንደሚያደርገው፣ ሳያስበው፣ እጁ ራሱ አልብሶታል።

“ወዴት ነው?” አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተና ልብሱን ቁልቁል አየ፣ ከዚያ በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን።

“የምሄድበት እኮ የለኝም” አለኝ፣ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ።

ጨርቁን ከአንገቱ ፈታው። ልብሱን ሳያወልቅ፣ እንደተቀመጠ ወደ ጎን ተጋደመ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ከተጋባን ጀምሮ ፀሐይ ወጥታ ተኝቶ አይቼው አላውቅም ነበር። ነጠላዬን ጣል አደረግሁበትና ልጆቹን ይዤ ወጣሁ፣ ማንም እንዳይቀሰቅሰው በሩን በቀስታ ዘጋሁበት።